መሰማማት

ከወንዙ ወዲህ እኔ፣ ከወንዙ ወዲያ ቶርጌይር፣
ድልድዩ መሀል ላይ አንድ ቢጫ መስመር፤
ወዲህ ስዊድን ነው፣ ወዲያ ኖርዌይ አገር።
ሃያ ሁለት ዓመት መስኮቱን አየሁት፣
መብራቱን ሲያጠፋ፣ ሲያበራ ቆጠርሁት፣
ድምፁን ግን አንድ ቀን፣ አንድም ቀን አልሰማሁት።

ሥራችን አንድ ነበር፦ ሌሊት ስልክ ማንሣት፣
«የት ነው? ስንት ሰው ነው? ጭስ ነው ወይስ እሳት?»
ከዚያም በሬዲዮ የተኛ መቀስቀስ፣ የቆመ ማስነሣት።
የእኔ ሬዲዮ ግን የእኔን ሰው ሲጣራ፣
የእርሱም የእርሱን ብቻ በየፊናው ሲያወራ፣
ሁለቱ ሞገዶች በድልድዩ አናት
ይተላለፋሉ እንደ ጣውንታት።

የካቲት ነበረ፤ በረዶው ጠመመ፣
አውቶቡስ ተንሸራቶ ከብረቱ ተላተመ፣
አፍንጫው በእነሱ፣ ጅራቱ በእኛ አገር ተጋደመ።
ከእኛ አምቡላንስ ሄደ፣ ከእነሱም መጣ፣
አንዱ በር ሲሰብር፣ አንዱ በመስኮት ሲያወጣ፤
ማን ስንት ሰው እንዳዳነ፣ ማን ምን እንደጎደለው
ለሌላው ወገን የሚነግር ሰው የለው።
ቋንቋችን እንደሆን ዘመድ ነው፣ ይግባባል፤
ያልተግባባው ሳጥኑ፣ ደረት ላይ የሚንጠለጠል።

የእኛው ሌናርት ሮጠ፣ ወረቀት በጥርሱ፣
በእጁ ብረት ይዞ፣ ውሃ ሆኖ ልብሱ፤
«መቁረጫ አምጡልን፣ የሹፌሩ እግር ተይዟል» ይላል ጽሑፉ።
ወዲያ ጫፍ ለመድረስ ስምንት ደቂቃ ፈጀ።
ሹፌሩ ሰባቱን ቻለ።

ከዚያማ ስብሰባ። ረጅም ጠረጴዛ፣
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ሰነዱ እንደ አረም እየበዛ።
የምስጢሩ ቁልፍ በማን እጅ ይቀመጥ?
ሁለቱ ቢጣሩ የማን ይቅደም? ማን ይደመጥ?
ወጪውስ? ይህ ሲነሣ ሁሉም ጣራ ያያል፣
አንዱ መነጽሩን ሲወለውል ያመሻል።
ሄንሪክሰን የሚባል መሐንዲስ ነበረ፣
በአንዲት ነጠላ ቃል ሦስት ቀን ተከራከረ፦
«መሣሪያው የጎረቤቱን ጥሪ መቀበል ይችላል»
ተብሎ የተጻፈው «አለበት» ይባል፤
«በ‹ይችላል› ነው» አለ፣ «ያ ሰው የሞተብን»
ጠረጴዛውም ዝም አለ፣ ብዕሩም ዝም አለብን።
እኔ፣ እውነት ለመናገር፣ ሰልችቶኝ ነበር፤
አንድ ሙሉ እጅጌ ሠራሁ፣ ሹራብ፣ ከጠረጴዛው ሥር።

በአንድ ሩቅ አገር ቋንቋ፣ አሉ፣
መስማማት ከመስማት ነው የሚወለደው።
አንዲት ፊደል ብታላላ
መሰማማት ይሆናል።
ማን እንደነገረኝ ረሳሁ፤
ከፊርማው ቀን የቀረኝ ግን ይኸው ነው፤
የሚኒስትሮቹን ንግግር አላስታውስም።

ኅዳር ላይ፣ ማክሰኞ ሌሊት፣ አዲሱ ሳጥን በራ።
ፈተና አልነበረም፤ ካሜራም አልነበረ።
ሰው ሳለ።
ረጅም፣ ደረቅ፣ የአጫሽ ሳል።
ቀጥሎ፣ «ወዲህ ማዶ፣ ይሰማል?»

ይህን ሁሉ ዘመን መብራቱን ስቆጥር
የሚያስለው ሰው መሆኑን አላውቅም ነበር።
«ይሰማል» አልኩ። ከዚያ የምለው ጠፋኝ።
በደንቡ መሠረት የጣቢያዬን ስም መጥራት ነበረብኝ።

«አጋዘን ነው» አለ፣ «ድልድዩን ዘግቶ ቆሟል፣
መኪና እንዳትለቂ፣ መንገዱም ተንሸራታች ሆኗል።»
«የማን ነው?» አልኩት፣ እንዲያው ለመቀለድ።
«ቀንዱ በእኛ በኩል፣ ጭራው በእናንተ ነው።»
ሳቅሁ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን፤
አንድ ዓይነት ነገር ትዝ ብሎን መሰለኝ።
ስሙን እኔም አልጠራሁ፣ እርሱም አልጠራ።

ጣቱን ከቁልፉ ላይ ግን አላነሣም።
ነፋሱ ገባ በሳጥኑ፣ ሲያፏጭ።
በእኔ መስኮት የሚነፍሰው ያው ነፋስ ነው፣
ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ።